በባቡር የአንድ ቀን የተማሪዎች ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉዞ በተባለ ቁጥር ግሩፑ ላይ የሚመጡት ያው ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ ይጠይቃል፣ ይመለስለታል፣ ከሶስት መልእክት በኋላ ሌላው መጥቶ ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቢሰበሰብ ይሻላል ብዬ ነው። በዋናነት ለሚያስተባብሩት ነው የተጻፈው ግን ተጓዡም ቢያነበው አይከፋም፣ እንደውም ያንብበው።

ከየት እንጀምር? መጀመሪያ የሚወሰነው ምንድነው?

የመመለሻው ባቡር። አዎ፣ የመመለሻው። ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ መሄጃው ነው፣ ስንት ሰዓት እንነሳ፣ የት እንገናኝ፣ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ፣ መመለሻው ላይ ሲደረስ ግን "ያው ማታ አንዱን እንይዛለን" ተብሎ ይታለፋል። መሄጃው ቢያመልጣችሁ እኮ ገና ሰፈራችሁ ናችሁ፣ ቀጣዩን ትጠብቃላችሁ፣ ቢብስ ቢብስ ወደ ቤት ነው። መመለሻው ካመለጣችሁ ግን ሰላሳ ሰው ይዛችሁ በማታውቁት ከተማ፣ በምሽት፣ ስልኩ ባትሪ በጨረሰ ጊዜ ጣቢያ ላይ ቆማችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የዛን ቀን የመጨረሻውን ባቡር ፈልጉና እንደሌለ ቁጠሩት። ከሱ በፊት ያለውን፣ ቢቻል ደግሞ ከዛም በፊት ያለውን ያዙ። የመጨረሻው የመጠባበቂያ ነው፣ እቅድ ውስጥ አይገባም። ከዛ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ሂዱ፦ ባቡሩ ከመነሳቱ 30 ደቂቃ በፊት ጣቢያ መሆን፣ ከመሃል ከተማ ጣቢያ ድረስ የእግሩ መንገድ (በግሩፕ ሲኬድ ካርታው 15 ደቂቃ ያለው 25 ይሆናል፣ ሁሌም)፣ ከዛ በፊት መሰብሰቢያ። ይሄን ስትጨርሱ ከተማው ውስጥ በእውነት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ካሰባችሁት በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ፕሮግራሙን ያኔ ነው ማውጣት ያለባችሁ እንጂ በፊት አይደለም።

አንድ ነገር ደሞ፦ የእሁድና የበዓል ቀን የባቡር ሰዓት ከስራ ቀኑ ይለያል። ሰኞ ቁጭ ብላችሁ "በየግማሽ ሰዓቱ አለ" ብላችሁ ያያችሁት እሁድ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ሊሆን ይችላል። የምትሄዱበትን ቀን አስገብታችሁ ፈልጉ፣ ከዛ በሳምንቱ ደግማችሁ እዩት፣ ምክንያቱም የሀዲድ ጥገና የሚሰራው ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ባቡሩን አስቀርተው በአውቶቡስ ይተኩታል።

የትኛው ከተማ ይሻላል? ስንት ሰዓት የሚፈጅ?

በአንድ መንገድ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዛ ካነሰ ሰው ጉዞ የሄደ አይመስለውም፣ ከሁለት ሰዓት ካለፈ ደግሞ መመለሻው ላይ ሁሉም ተጨማድዶ ነው የሚደርሰው። ሌላው መስፈርት መሃል ከተማው ከጣቢያው በእግር የሚደረስ መሆኑ ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ከሆነ ሰላሳ ሰው ከተማ አውቶቡስ ላይ መጫን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነው።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ ደሞ። ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ፣ በኋላ በአስጎብኚነት ስሙ የገነነው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚሆን ሰው በአንድ ባቡር ጭኖ ከሌስተር ላፍቦሮ ወስዶ በዛው ቀን መልሷል፣ ርቀቱ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ብቻ። ሂሳቡ ለደርሶ መልስ አንድ ሽልንግ ነበር። ስልክ የለ፣ ቴሌግራም የለ፣ 500 ሰው። እኛ ሰላሳ ይዘን እንጨነቃለን።

ስንት ሰው ቢሆን ነው ጥሩ?

እስከ 15 ድረስ አንድ ጎበዝ አስተባባሪ በአይኑ ይይዘዋል። ከዛ በላይ ከሆነ የግድ ሁለት ያስፈልጋል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ከፊት ያለው መንገድ የሚያውቀው ነው፣ ከኋላ ያለው ደግሞ የሚታገሰው ይሁን፣ ምክንያቱም ጫማውን የሚያስረው፣ ፎቶ የሚያነሳው፣ ከጓደኛው የተጣላው፣ ሁሉም ከኋላ ነው የሚገኘው። የኋላው ሰው ህጉ አንድ ነው፦ ከሱ በስተኋላ ማንም አይቀርም። ባቡር ላይ የመጨረሻ የሚወጣው እሱ፣ ከባቡር የመጨረሻ የሚወርደውም እሱ።

ከ30 ካለፋችሁ ለባቡር ድርጅቱ ቀድማችሁ አሳውቁ። አጭር መስመር ላይ የሚሄዱት ባቡሮች አንዳንዴ ሁለት ወይ ሶስት ፉርጎ ብቻ ናቸው፣ እዛ ላይ 40 ተማሪ ድንገት ሲገባ ከስራ የሚመለሰው ሰው የሚያያችሁ አስተያየት ደስ አይልም።

የግሩፕ ትኬት ይሻላል ወይስ እያንዳንዱ የራሱን ይቁረጥ?

አስርና ከዛ በላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ የግሩፕ ዋጋ ጠይቁ፣ ብዙ አገር ላይ ቅናሹ ከ10 ሰው ነው የሚጀምረው፣ አንዳንድ ቦታ ከዛም ባነሰ። ግን የግሩፕ ትኬት ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ ለአንድ የተወሰነ ባቡር ብቻ ነው የሚሰራው፣ ያ ባቡር ካመለጠ ትኬቱ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ነገር ትኬቱ አንድ ስለሆነ አንድ ሰው ጋ ነው ያለው፣ ያ ሰው ሁለተኛው ፉርጎ ላይ ተቀምጦ እያንቀላፋ ተቆጣጣሪው ስድስተኛው ፉርጎ ላይ ያሉትን አራት ልጆች "ትኬት" ሲላቸው ምን እንደሚመስሉ አስቡት። ስለዚህ ኮፒው የኋላው አስተባባሪ ጋም ይኑር፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ትኬቱ ማን ጋ እንዳለ ስሙን ይወቅ።

የየራስ ትኬት የሚሻለው ግማሹ ሰው ቀድሞ የወር ትኬት ወይ የተማሪ ፓስ ካለው ነው፣ ድጋሚ ማስከፈሉ ትርጉም የለውም። ግን በስልክ የተቆረጠ ትኬት ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፣ "ነበረኝ እኮ" ብሎ ነገር ተቆጣጣሪ ፊት አይሰራም። ስክሪንሾትም ሁሌ አያዋጣም፣ ስክሪንሾት የማይቀበሉ አሉ፣ ስለዚህ ዋናውን ፋይል ዳውንሎድ አድርጉት።

በተማሪ ቅናሽ የቆረጠ ሰው የተማሪ መታወቂያውን ይያዝ። ሳይዝ ከተገኘ ቅናሹ እንደሌለ፣ እሱም ያለ ትኬት እንደተሳፈረ ነው የሚቆጠረው። ከጉዞው በፊት ባለው ማታ "መታወቂያ!!!" ብላችሁ ግሩፑ ላይ ጻፉ፣ ሶስቱን ቃለ አጋኖ አትዝለሉት።

ትኬቱ ላይ 17:42 ይላል፣ ስንት ሰዓት ነው?

11 ሰዓት ከ42፣ ወደ ማታ። የባቡር ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ ከ7:00 ጀምሮ ካለው ላይ 6 ስትቀንሱ በእኛ አቆጣጠር ይመጣል፣ ካነሰ ደግሞ 6 ትጨምራላችሁ። ከ19:00 ጀምሮ ያለው ላይ 6 ሳይሆን 18 ቀንሱ። ግሩፑ ላይ ስትጽፉ ግን ሁለቱንም አታደባልቁ፣ አንዱን መርጣችሁ በዛው ቀጥሉ፣ ቢቻል ትኬቱ ላይ ያለውን፣ ምክንያቱም ጣቢያው ሰሌዳ ላይም የሚታየው እሱ ነው።

የሚያሳስተው ግን 17:42 አይደለም፣ 00:10 ነው። የቅዳሜ ማታውን የመጨረሻ ባቡር ስትፈልጉ 00:10 ላይ የሚነሳ ካለ ሲስተሙ ላይ ቀኑ እሁድ ነው። ቅዳሜ 00:10 ብሎ የቆረጠ ሰው ያ ባቡር የሄደው አርብ ሌሊት ነው፣ እሱ ገና ተኝቶ እያለ።

ቀጥታ ባቡር ይሻላል ወይስ መሃል ላይ ቀይሮ በፍጥነት መድረስ?

ቀጥታው፣ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይም ቀጥታው። ለብቻችሁ ስትሆኑ 7 ደቂቃ ውስጥ ባቡር መቀየር ይቻላል። በግሩፕ ግን ሁሉም እስኪወርድ ሁለት ደቂቃ፣ እስኪቆጠር ሁለት ደቂቃ፣ ደረጃ ወርዶ ሌላኛው ፕላትፎርም ላይ ለመውጣት አምስት ደቂቃ፣ ከዛ ባቡሩ ሲሄድ ታያላችሁ። የግድ መቀየር ካለባችሁ ከ20 ደቂቃ በታች የሆነ ልዩነት አትቀበሉ።

የከተማውንም ስም በደንብ እዩት። ጀርመን ውስጥ ሁለት ፍራንክፈርት አለ፣ አንዱ ማይን ወንዝ ላይ አንዱ ኦደር ወንዝ ላይ፣ በመካከላቸው አገር ያህል ርቀት አለ። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ሶስት ጣቢያ ያለበትም ብዙ ነው፣ ፓሪስ ብትሄዱ ስድስት ዋና ጣቢያ አለ፣ "ጣቢያው ጋ እንገናኝ" ማለት እዛ ምንም ማለት አይደለም።

ቆጠራ ቆጠራ ትላላችሁ፣ ይሄን ያህል ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ጉዞው ቢበላሽ የሚበላሸው በሌላ በምንም አይደለም፣ ሙዚየሙ ቢዘጋ ሌላ ቦታ ይኬዳል፣ ቢዘንብ ይጠለላል፣ ሰው ከጎደለ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል።

ጭንቅላት መቁጠር ግን እርሱት። ጣቢያ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ የማታውቁት ቦርሳ ያነገተ ልጅ መሃላችሁ ይቆምና 28 ብላችሁ ትቆጥራላችሁ፣ 28 ሞላ ትላላችሁ፣ አንዱ ግን የእናንተ አይደለም። የስም ዝርዝር መጥራትም ይረዝማል፣ ፕላትፎርም ላይ በማስታወቂያው ድምፅ አይሰማም።

የሚሰራው ቁጥር መስጠት ነው። እያንዳንዱ ሰው ከጉዞው በፊት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ ያ ነው ቁጥሩ። አስተባባሪው "ቁጠሩ!" ሲል 1፣ 2፣ 3 እያሉ በተራ ይጮሃሉ። 16 ካለ፣ 17 ካለ፣ ከዛ ጸጥ ካለ 18 የለም፣ 18 ደግሞ ማን እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ አለ። ሰላሳ ሰው በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። መጀመሪያ ላይ ያፍራሉ፣ ሁለተኛው ላይ ይስቃሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጨዋታ ይሆናል፣ ማን እንደዘገየ ይበሻሸቃሉ።

እዚህ ጋ ግን አንድ ቀዳዳ አለ፣ አደገኛው እሱ ነው። 18 ጸጥ ሲል ጓደኛዋ "አለች አለች፣ ሽንት ቤት ናት፣ መጣሁ ብላለች" ትላለች። አስተባባሪው ደክሞታል፣ ባቡሩ መጥቷል፣ በሩ ተከፍቷል፣ "እሺ" ይላል። ልጅቷ እኮ ሽንት ቤቱ ጋ ተሰልፋ ነው ያለችው፣ ከፊቷ ስድስት ሰው አለ። ስለዚህ ህጉ፦ በአይን ያልታየ ሰው የለም። ለሌላ ሰው ቁጥር መጥራት ክልክል።

መቼ መቼ ነው የሚቆጠረው ላላችሁ፦ ፕላትፎርም ላይ ከመግባታችሁ በፊት፣ ተቀምጣችሁ ባቡሩ ከተነሳ በኋላ፣ ወርዳችሁ ከፕላትፎርሙ ሳትነሱ፣ እና ከተማ ውስጥ ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር። ጃፓን ውስጥ የባቡር ሰራተኞች ሲግናሉንም በሩንም ሰዓቱንም በጣታቸው እየጠቆሙ ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ለብቻቸው ሆነው እንኳን። ለሚያየው ያስቃል፣ ግን በአይን ብቻ ከማየት ይልቅ በጣት ጠቁሞ በአፍ መናገር ስህተት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። እናንተም ስትቆጥሩ እየጠቆማችሁ ቁጠሩ።

አንድ ሰው ቢቀርስ?

ይሄን ከጉዞው በፊት ለሁሉም ንገሩ፣ በአፍም በጽሁፍም። መሰረቱ፦ የሚንቀሳቀሰው አንድ ወገን ብቻ ነው። ሁለቱም ከተንቀሳቀሱ ይተላለፋሉ፣ እሱ ወደናንተ ሲመጣ እናንተ ወደሱ ስትሄዱ ሁለቱ ባቡሮች መሃል መንገድ ላይ ይተላለፉና ፍለጋው እንደገና ይጀመራል።

ግሩፑ ተሳፍሮ አንድ ሰው ፕላትፎርም ላይ ከቀረ፦ የቀረው ሰው ካለበት ፕላትፎርም አይነቃነቅም፣ ይደውላል። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ብቻ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዶ ይመለስለታል፣ ግሩፑ ይቀጥላል። ትልቅ ሰው ከሆነና መንገዱን የሚያውቅ ከሆነ በቀጣዩ ባቡር ይምጣ ማለትም ይቻላል፣ ግን ያንን የሚወስነው አስተባባሪው ነው።

በተቃራኒው ግሩፑ ወርዶ አንድ ሰው ባቡሩ ውስጥ ከቀረ (እንቅልፍ፣ ሄድፎን፣ ሽንት ቤት)፦ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፣ የወረደበት ቦታ ይቆማል፣ ይደውላል። በራሱ ተሻግሮ የመመለሻ ባቡር አይይዝም፣ ምክንያቱም በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ወደተሳሳተ አቅጣጫ የሚሄደውን ነው የሚይዘው። ወይ ሰው ይላክለታል ወይ በስልክ የትኛውን ባቡር እንደሚይዝ ይነገረዋል።

ስልኩ የተዘጋ እንደሆነ የጣቢያ ሰራተኛ ጋ ሄዶ ያስደውላል። ለዚህ ነው የአስተባባሪው ቁጥር ስልክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ተጽፎ ኪስ ውስጥ መኖር ያለበት። በቃሉ ስልክ ቁጥር የሚይዝ ሰው ዛሬ የለም።

በር መያዝስ? አይያዝም። ጓደኛዬ እየሮጠ ነው ብላችሁ እግራችሁን በር መሃል ስታስገቡ ራሳችሁንም ትጎዳላችሁ፣ ባቡሩንም ታዘገያላችሁ። ጓደኛችሁ ይቀራል፣ ከላይ ያለው ህግ ለሱ ነው የተጻፈው።

ባቡሩ መሃል መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?

አንዳንድ መስመር ላይ አዎ። ሁለት ባቡር ተያይዞ ይነሳና አንድ ጣቢያ ላይ ይላቀቃሉ፣ የፊተኛው አንዱ ከተማ የኋለኛው ሌላ ከተማ ይሄዳል። ፕላትፎርሙ ላይም ይነገራል፣ ፉርጎው ላይ ያለው ሰሌዳም መድረሻውን ያሳያል፣ ግን ተማሪ ወሬ ላይ ነው። ግማሹ ግሩፕ ከፊት ግማሹ ከኋላ ከተሳፈረ አንድ ቀን ሁለት ከተማ ጎበኛችሁ ማለት ነው። ሁሉም ተያያዥ ፉርጎ ላይ ይሳፈር።

ፕላትፎርም ላይ መጠንቀቅ ያለብን ምንድነው?

መስመሩ። ከጠርዙ ገባ ብሎ ያለው ቢጫ ወይ ነጭ መስመር ለጌጥ አይደለም፣ ከሱ ኋላ ነው የሚቆመው። ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው ንጣፍ ደሞ ለአይነ ስውራን የተሰራ ነው፣ ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠረው፣ በ1967 ኦካያማ ከተማ መንገድ ላይ መጀመሪያ የተነጠፈ። ቦርሳችሁን እሱ ላይ ከምራችሁ ሰልፊ አትነሱ፣ በዱላው መንገዱን የሚፈልግ ሰው ይሰናከልበታል።

ሳይቆም የሚያልፍ ባቡር ሲመጣ ነፋሱ ይጎትታል፣ ቀለል ያለ ቦርሳና ጋሪ ይወስዳል። ሹፌሩ ቢያያችሁም ዞር ብሎ ሊያልፋችሁ አይችልም፣ መሪ የለውም፣ ብረት በብረት ላይ ስለሆነ ፍሬኑም ቶሎ አይዝም፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ለመቆም ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ስልክ ሀዲድ ላይ ቢወድቅ እንኳን አይወረድም፣ ሰራተኛ ይጠራል፣ የራሳቸው ማንሻ ዘንግ አላቸው።

ከላይ ያለው ገመድ ደሞ ብዙ ቦታ 25,000 ቮልት ነው። ሳትነኩት፣ ስትጠጉት ብቻ ይዘላል። የሰልፊ ዘንግ ወደ ላይ ማንሳት፣ የቆመ ፉርጎ ላይ መውጣት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ወጣቶች የሚሞቱበት ነገር ነው። ይሄን ሳትቀልዱ ንገሯቸው፣ ሌላው ላይ መቀለድ ይቻላል።

ባቡሩ ውስጥ ሙዚቃ መክፈት ይቻላል?

በሄድፎን። ጸጥታ ፉርጎ ተብሎ የተለየ ካለ እዛ አትግቡ፣ ተማሪ ጸጥ አይልም፣ ራሳችንን አናታልል።

ወንበር ሳይያዝ መሄድ ይቻላል?

አጭር መስመር ላይ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ቁጥር የለውም። ፈጣን ባቡር ላይ ግን ወንበር መያዝ ግዴታ የሆነበት አለ፣ ትኬት ስትቆርጡ እዩ።

ከደረስን በኋላ ሁሌ አብረን ነው የምንዞረው?

አይደለም፣ እባካችሁ። ሰላሳ ሰው በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሲሄድ ከተማውን የሚያየው የፊተኛው ብቻ ነው፣ ሌላው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። የኔ ምርጫ ጠዋት አንድ ነገር አብሮ ማየት፣ ከዛ ሶስት ወይ አራት አራት ሆኖ ሁለት ሰዓት ተኩል ነጻ መልቀቅ ነው። ሁለት ሁለት ሳይሆን ሶስት የሆነበት ምክንያት አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ አንዱ ደሞ ሄዶ ይጠራል።

መገናኛው ቦታ የማይንቀሳቀስ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ አንድ ብቻ የሆነ ነገር ይሁን። ሀውልት፣ የሰዓት ማማ፣ የካቴድራሉ ዋና በር። "ድልድዩ ጋ" አይሆንም፣ ድልድይ ሁለት ጫፍ አለው፣ ወንዙ ላይ ደግሞ ሌላ ድልድይም ይኖራል። ቦታውን ጠዋት ሲደርሱ ሁሉንም ወስዳችሁ በአካል አሳዩዋቸው፣ ካርታ ላይ ፒን መላኩ ብቻውን አይበቃም። መሰብሰቢያ ሰዓቱም መነሻው ሰዓት አይደለም፣ 15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት፣ ለሰው ግን አትንገሩ።

ሙዚየም ለመግባት ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል?

ለግሩፕ አዎ፣ ብዙ ቦታ። የሚዘጋበትን ቀንም እዩ፣ ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፣ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ ማክሰኞ ነው። ትልልቅ ቦርሳ የማያስገቡም አሉ።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተማሪዎችስ?

እዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ያወጣው ህግ ይቀድማል፣ የወላጅ የተፈረመ ፈቃድ፣ ለስንት ልጅ ስንት ትልቅ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ይሄ ሁሉ ከጣቢያ በፊት ነው የሚያልቀው። በተጨማሪ የጤና ነገር ጠይቁ፦ አስም፣ አለርጂ፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ህመም። ግሩፕ ላይ አይደለም፣ ለብቻ። መድሃኒቱ ልጁ ቦርሳ ውስጥ የትኛው ኪስ እንዳለ ድረስ እወቁ።

በዊልቸር የሚሄድ ጓደኛ አለን፣ ምን እናድርግ?

ቀድማችሁ ለባቡር ድርጅቱ ደውሉ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት፣ መወጣጫ ራምፕ ይዞ የሚጠብቅ ሰው እንዲመድቡ። መሄጃውንም መመለሻውንም በተናጠል አስመዝግቡ፣ መመለሻው የሚረሳው እዚህም ላይ ነው። ሊፍቱ መስራቱን በቀኑ ጠዋት አረጋግጡ። ከዛ ደግሞ የከተማውን ፕሮግራም በሱ መንገድ አውጡት፣ ሁላችሁም በራምፑ ሂዱ እንጂ እሱ በኋላ በር እናንተ በፊት በር አይሁን።

ገንዘቡ እንዴት ይሰብሰብ?

ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሙሉውን። "እዛው እሰጥሃለሁ" ያለ ሰው እዛው አይሰጥም፣ መመለሻው ላይም አይሰጥም። ከቆረጣችሁ በኋላ የቀረ ሰው ገንዘቡ እንደማይመለስ፣ ግን በሱ ፋንታ ሰው ካመጣ ችግር እንደሌለ ከመጀመሪያው ጻፉት። ስም የተጻፈበት ትኬት ከሆነ መተካቱም ላይቻል ይችላል፣ እሱንም እዩ። ትንሽ መጠባበቂያ ጨምራችሁ ሰብስቡና የተረፈውን ደረሰኝ እያሳያችሁ መልሱ፣ ሳንቲምም ቢሆን፣ ለሚቀጥለው ጉዞ የሚያምናችሁ ሰው የሚኖረው እንደዛ ነው።

ባቡሩ ቢዘገይ ወይ ቢሰረዝ?

መጀመሪያ የጣቢያ ሰራተኛ ጋ አንድ ሰው ብቻ ይሂድ፣ ሰላሳ ሰው አንድ መስኮት ላይ አይረባረብ። ከሰራተኛው የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ በዚሁ ትኬት በሌላ ባቡር መሄድ እንደምትችሉ፣ ቢቻል በጽሁፍ ወይ ትኬቱ ላይ ማህተም። ያለሱ ቀጣዩ ባቡር ላይ ያለው ተቆጣጣሪ "የናንተ 16:05 ነበር" ሲላችሁ ክርክር ነው።

ካሳም አለ። አውሮፓ ህብረት ውስጥ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ለዘገየ የዋጋው 25 በመቶ፣ ለ120 ደቂቃና ከዛ በላይ 50 በመቶ ነው መነሻው። ጃፓን ውስጥ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓትና ከዛ በላይ ከዘገየ ለፍጥነቱ የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ይመለሳል። ሌላ አገርም የየራሱ አለው፣ ስለዚህ ትኬት አትጣሉ፣ የሰሌዳውን ፎቶ አንሱ፣ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ።

ሰው ባቡር ውስጥ ቢታመም ያንን ቀይ እጀታ ልሳብ?

ብዙ ጊዜ አይ። እጀታውን ስትስቡት ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ወይ ሜዳ መሃል ሊቆም ይችላል፣ አምቡላንስ እዛ አይደርስም። ለሰራተኛው ንገሩ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሀኪም ይጠብቃችኋል፣ ቶሎ የሚደረሰው በዛ ነው። እጀታው የሚሳበው ባቡሩ መሄዱ ራሱ አደጋ ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ በር ሰው ይዞ ባቡሩ ከተነሳ።

ምን ይያዝ?

ቀላል ቦርሳ፣ ውሃ፣ የሚበላ ነገር፣ ፓወር ባንክ፣ የማይጎዳ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ መታወቂያ፣ የአስተባባሪው ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት። ጎማ ያለው ሻንጣ ለአንድ ቀን ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሌም አለ፣ ራሱ ይጎትተው።

ዕቃ ባቡር ላይ ቢረሳ ይገኛል?

ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ቶሎ ከተናገራችሁ። ሰራተኛው የሚጠይቃችሁ የባቡሩን ቁጥር፣ የተነሳበትን ሰዓት፣ ስንተኛ ፉርጎ እንደነበራችሁና የትኛው ጎን እንደተቀመጣችሁ ነው። "ሰማያዊ ጃኬት፣ ከሰዓት የነበረው ባቡር" ካላችሁት ምን ያድርግ። እንደተሳፈራችሁ የፉርጎውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ጣሉት፣ ከመውረዳችሁ በፊት ደሞ የኋላው አስተባባሪ ወንበሮቹንና ከላይ ያለውን መደርደሪያ እያየ ይምጣ። ቻርጀር ግን ሶኬቱ ላይ ይቀራል፣ እሱን እዩ።